ኦነሲሞስ ነሲብ

ኦነሲሞስ ነሲብ (የትውልድ ስማቸው ሂካ አዋጂ፣ በሌላ መጠሪያቸው አባ ገመቺስ፤ 1848 ዓ.ም. ገደማ – ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ መምህር፣ ተርጓሚና ወንጌላዊ ነበሩ። በልጅነታቸው በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቀው የተሸጡ ሲሆን፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ከወጡ በኋላ ተምረው በአፋን ኦሮሞ (ኦሮምኛ) የመጀመሪያውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ለኅትመት አብቅተዋል። ከዚህ ሥራቸው ያነሰ ዝና ያለው፣ ለትምህርት ታሪክ ግን ከፍተኛ ቦታ ያለው ሌላው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የጀማሪዎች ንባብ መማሪያ ነው። ከአስቴር ገኖ ጋር ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ቋንቋ፣ ተረትና እንቆቅልሽ የትምህርቱ መነሻ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት ኦነሲሞስ በኢትዮጵያ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ቀዳሚዎች ውስጥ ይቆጠራሉ።

ልጅነትና ባርነት

ኦነሲሞስ የተወለዱት በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። የተሰጣቸው ስም ሂካ ሲሆን በአፋን ኦሮሞ የሚፈታ ወይም የሚተረጉም ማለት ነው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቀው ከትውልድ መንደራቸው ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተላለፉ በስምንት ሰዎች እጅ አልፈው ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሱ።

በዚያን ጊዜ ምጽዋ በግብፅ አስተዳደር ሥር ነበረች። ከደቡብና ከምዕራብ የሚነዱ ባሮች ወደ ዓረብ ምድር ከሚሻገሩባቸው ወደቦችም አንዷ ነበረች። በከተማዋ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1870 ልጁን ነፃ አወጣቸውና በዚያው ለሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው።

የስዊድን ሚሲዮን ወደ ምጽዋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን የመጨረሻ ዓላማው የኦሮሞን ሕዝብ መድረስ ነበር። ወደ መሀል አገር የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋበት ግን በጠረፍ ተቀመጠ። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኛቸው የኦሮሞ ተማሪዎች በአገራቸው የሚኖሩ ሳይሆኑ እንደ ሂካ ከባርነት የተረፉ ልጆች ነበሩ።

ትምህርት በምጽዋና በስዊድን

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ትጉህ ተማሪ የነበሩት ሂካ መጋቢት 23 ቀን 1864 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1872) በፋሲካ ዕለት ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ። ስሙ የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ከተጠቀሰው ባሪያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን ተላኩ። በስቶክሆልም አቅራቢያ በብሮማ በሚገኘው የዮሃኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ምሕረት ኃይሉ የተባሉ ሴት አገቡ።

ኦነሲሞስ በዚህ ጊዜ 25 ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም ከእነዚህ ዓመታት ግማሽ ያህሉን ያሳለፉት የተወለዱበት ቋንቋ ከማይነገርበት አገር ነበር። በጠረፍ የሚሰሙት ሌላ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት የሚማሩበትም ሌላ ቋንቋ ነበር። ይህ ክፍተት በኋላ በትርጉም ሥራቸው ላይ ጎልቶ ታይቷል።

ወደ ትውልድ አገር ለመመለስ የተደረጉ ጉዞዎች

ኦነሲሞስ እንደተመለሱ ወዲያው ወደ ወለጋ ለመግባት ከሚሞክር የሚሲዮኑ ቡድን ጋር ተነሡ። በሰሜኑ በኩል ማለፍ ስለማይቻል ቡድኑ በሱዳን ዞሮ የዓባይን ወንዝ ተከትሎ አሶሳ አቅራቢያ እስከምትገኘው ፋማካ ደረሰ። ከዚያ ማለፍ ግን አልቻለም። ካርቱም የተመለሱት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1882፣ የማህዲስቶች አመፅ በተቀጣጠለበት ወቅት ነበር።

ሌላው ሙከራ በሸዋ በኩል ነበር። ኦነሲሞስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1886 እንጦጦ ቢደርሱም ወደ ምዕራብ የሚያሻግር ፈቃድ ሳያገኙ ወደ ጠረፍ ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ወደ ወለጋ እስኪገቡ ድረስ 18 ዓመት አለፈ። አብዛኞቹን መጻሕፍቶቻቸውን ያዘጋጁት በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው።

የምኩሉ የቋንቋ ሥራ

ምኩሉ ከምጽዋ ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ስትሆን የስዊድን ሚሲዮን በዚያ ትምህርት ቤቶችና ማተሚያ ቤት ነበረው። ኦነሲሞስ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ መተርጎም የጀመሩት በዚሁ ነው።

ሥራው በሁለት ችግሮች የተያዘ ነበር። የመጀመሪያው የቃላት እጥረት ነው። ኦነሲሞስ ከአገራቸው የወጡት ገና ልጅ ሳሉ በመሆኑ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ ትርጉም የሚበቃ የቃላት ሀብት ይዘው አልወጡም። ሁለተኛው ችግር የጽሕፈት ነበር። አፋን ኦሮሞ የዳበረ የቃል ሥነ ጽሑፍ ቢኖረውም ተማሪ የሚማርባቸው የታተሙ መጻሕፍት አልነበሩትም። ከእርሳቸው በፊት ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የወንጌል ክፍሎችን ወደ ቋንቋው ለመተርጎም ሞክሮ ነበር።

ለመጀመሪያው ችግር መፍትሔ ያስገኙት አስቴር ገኖ ናቸው። አስቴር በልጅነታቸው በባርነት የተያዙ የኦሮሞ ልጅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ ምድር ሲጓጓዙ የጫነቻቸውን ጀልባ የጣሊያን መርከብ ይዞ ነፃ አወጣቸው። ከዚያ በምኩሉ ወደሚገኘው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገቡ። ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁና ልዩ የማስታወስ ችሎታ ያላቸው መሆኑን ኦነሲሞስ ስላስተዋሉ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ኃላፊነት ሰጧቸው። አስቴር 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰቡ። ስብስቡም የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማረም አገለገለ። ከዚህ በተጨማሪ 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈሩ።

እንዲህ ያለው ኃላፊነት ለወጣት ሴት ተማሪ መሰጠቱ በዘመኑ የተለመደ አልነበረም። አስተማሪው በዕውቀት የሚበልጡትን ተማሪ አግኝተው የሥራው ባለድርሻ አደረጓቸው። በቡድኑ ውስጥ ከባርነት ነፃ የወጡ ሌሎች የኦሮሞ ወጣቶችም ይሠሩ ነበር።

አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። የሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 ተጠናቅቆ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ከዚህም ሌላ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝምና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በአፋን ኦሮሞ ወጥተዋል።

የፊደል ጉዳይ

ኦነሲሞስ መጻሕፍቱን የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደሉ በአገሪቱ የታወቀና በማተሚያ ቤቱ የሚገኝ መሆኑ ጠቃሚ ነበር። ለአፋን ኦሮሞ ጀማሪ አንባቢ ግን ሁለት እንቅፋቶች ነበሩት። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል፤ የግዕዝ ፊደል ይህን ልዩነት በሙሉ አያሳይም። በተጨማሪም የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋል። አማርኛ አንባቢ ይህን በ«አለ» ያውቀዋል፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ኖረ ወይም ተገኘ ማለት ይሆናል። በአፋን ኦሮሞም «በዳ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ማለት ነው።

ቋንቋውን የሚናገር አንባቢ ይህን የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ ጀማሪው የሚያነበው ጽሑፍ የማያውቀው ነገር ከሆነ ፊደሉም ትርጉሙም በአንድ ጊዜ ይከብዱታል። ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ግን ማጥበቅና ማላላቱን ራሱ ያስተካክላል። የንባብ መማሪያው ይዘት ለፊደሉ ጉድለት ማካካሻ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የጀማሪዎች ንባብ መማሪያ

«ጀልቀበ በርሲሳ» (የማስተማር መጀመሪያ) የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በምኩሉ ታተመ። አስቴር ከሰበሰቧቸው የቃል ሥነ ጽሑፎች ብዙዎቹ የታተሙት በዚህ መጽሐፍ ነው።

የመጽሐፉን አዲስነት ለመረዳት በዘመኑ የነበረውን ትምህርት ማየት ያስፈልጋል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ወንጌልንና ዳዊትን በግዕዝ ያነብባል። ንባቡ በደረጃ የሚሰጥና በዜማ የታገዘ ሲሆን ትርጉሙ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በሎሕ ላይ የሚጽፈውና የሚቀራው በዓረብኛ ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች የራሳቸው ብልሃት አላቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስተምራል፤ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው ፍጥነት ይሄዳል፤ ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጭምር ዜማና ቅኔ ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል። ይሁን እንጂ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ልጅ በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢገባ ማንበብ የሚጀምረው በማያውቀው ቋንቋ ነበር።

የእነ ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅደም ተከተሉን ለወጠው። ልጁ በቤቱ ማታ ማታ የሚሰማውን «ኦዱ ዱሪ» (የጥንት ተረት)፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወተውን «ሂቦ» (እንቆቅልሽ)፣ ከሽማግሌዎች የሚሰማውን «ማማክሳ» (ምሳሌያዊ አነጋገር) በመጽሐፍ ላይ አገኘው። አዲስ የሚሆንበት ፊደሉ ብቻ ነበር። እንቆቅልሽ አጭር በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል፤ መልሱን ለማግኘትም ልጁ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። ተረት ረዘም ያለ ንባብን ያለማምዳል። ዘፈንና መዝሙር ደግሞ ገና ማንበብ ያልቻለውን ከሚያነብበው እኩል በጉባኤው ያሳትፋሉ።

መጽሐፉ ለተማሪዎቹ ሌላም ትርጉም ነበረው። በምኩሉ የነበሩት የኦሮሞ ልጆች ከቤተሰባቸው የተነጠሉና የተሸጡ ነበሩ። ከቤታቸው ሊወሰድባቸው ያልቻለው ንብረት ቋንቋቸውና በቃል የያዙት ተረት ብቻ ነው። በትምህርት ቤቱ ይህ ንብረት እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ በማተሚያ ቤት ታተመ።

ነቀምቴ

ምሕረት ኃይሉ ካረፉ በኋላ ኦነሲሞስ ሊዲያ ዲምቦን አግብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስ፣ ሊዲያ፣ አስቴርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው በአዲስ አበባ በኩል ወለጋ ገቡ። በዚያ አስቀድመው የሚሠሩ ወንጌላውያን ነበሩ። እነ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ደበላ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቦጂ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር።

የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ኦነሲሞስን በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ በከተማዋ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስቴርም በመምህርነት አገለገሉ። ለብዙ ዓመታት በጠረፍ የተዘጋጁት መጻሕፍት ቋንቋው በየቤቱ ከሚነገርበት አገር ደረሱ።

ዘመኑን ለማነጻጸር፣ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) ሲሆን መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ዋና ትኩረቱም የውጭ ቋንቋዎች ነበሩ። ለመንግሥት ሥራ የሚፈለገው ዘመናዊ ተማሪ ፈረንሳይኛና ሌላ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቅ ነው። በነቀምቴ ግን ከዚያ 4 ዓመት ቀድሞ ተማሪው በእናቱ ቋንቋ ፊደል ይቆጥር ነበር።

ክስና እገዳ

ኦነሲሞስ በሕዝቡ ዘንድ መከበራቸውና በአፋን ኦሮሞ ማስተማራቸው ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው። ብዙዎቹ ካህናት ቋንቋውን ስለማያውቁ በፊታቸው የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል አልቻሉም። ከሃይማኖቱ ልዩነት ባሻገር ይህም ጥርጣሬውን አባባሰው። በመጨረሻ ኦነሲሞስ ድንግል ማርያምን ሰድበዋል ተብለው ተከሰሱ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑ በግዞት እንዲቀጡ ወሰኑ። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ኦነሲሞስ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ዳግመኛ ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ።

በ50 ዓመት ዕድሜያቸው የደረሰባቸው ይህ እገዳ ለሥራቸው ከባድ ነበር። ልጅ ሳሉ ከተሰረቁበት አገር አካባቢ ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ከተመለሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በአደባባይ እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ከዚህ በኋላ በይፋ የሚታየው ሥራቸው በነቀምቴው ትምህርት ቤት ማስተማር ብቻ ሆነ። ዳግም ወደ ግዞት ይላካሉ የሚለው ስጋትም ለዓመታት አልራቀም።

የመጨረሻ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ ኦነሲሞስ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስ ለቀሪው ዘመናቸው መጻሕፍቶቻቸውን እያሠራጩ፣ እያስተማሩና እየሰበኩ ቆይተው ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1931) በነቀምቴ አረፉ። አስቴር ገኖ ከእርሳቸው በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1964 አርፈዋል። ከሰበሰቡት የቃል ሥነ ጽሑፍ ብዙው ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ቀርቷል።

ሥራቸው በአካታች ትምህርት ዕይታ

አካታች ትምህርት ሲባል ተማሪው ለትምህርት ቤቱ እንዲመች ከማስገደድ ይልቅ ትምህርቱ ከመነሻው ለተለያዩ ተማሪዎች እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ማለት ነው። በዘርፉ ከሚጠቀሱት አሠራሮች አንዱ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የተቀረጸው ሁለንተናዊ የመማር ንድፍ፣ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ትምህርቱ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲቀርብ፣ ተማሪው የሚማርበት የራሱ ምክንያት እንዲኖረው፣ ያወቀውንም በተለያየ መንገድ እንዲገልጽ።

ኦነሲሞስ ይህን ስም የሚያውቁበት ዘመን አልነበረም። ሥራቸው ግን ከሦስቱም ጋር ይነጻጸራል። አንድን ትምህርት በንባብ፣ በተረት ትረካና በመዝሙር ማቅረብ የመጀመሪያው ነው። የልጁን ጨዋታ ወደ መጽሐፍ ማስገባት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በአስቴር ታሪክ ይታያል፤ ተማሪዋ ያወቁትን ያሳዩት ለጥያቄ መልስ በመስጠት ሳይሆን መዝገበ ቃላት በማዘጋጀትና የሕዝብ ተረት በመጻፍ ነው።

ሥራው ወሰንም ነበረው። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በሚሲዮን ሥር ለወንጌል ሥራ ነው። በቋንቋ በኩል በሩ ለሁሉም የተከፈተ ቢሆንም የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና ወይም የዋቄፋና ተከታይ የሆነ ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ትምህርት ቤት ሲልክ ከፊደሉ ጋር የሚመጣውን እምነት ማሰብ ነበረበት። የነቀምቴው ክርክርም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሥራው ያተኮረው በቋንቋ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ በተገለሉት ላይ ሲሆን ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየ ማስተማሪያ አላዘጋጀም።

ከእርሳቸው በኋላ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት የትምህርት ቋንቋ አማርኛ ሆነ። የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመራው የ1936 ዓ.ም. ድንጋጌም አማርኛን በመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። በዚህ ወቅት የእነ ኦነሲሞስ ንባብ መማሪያ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሊሆን አልቻለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማቸው ግን ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው ሙሉ የአፋን ኦሮሞ ትርጉም ሆኖ አገልግሏል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ አፋን ኦሮሞ አንዱ ነበር። መማሪያዎቹ የተጻፉትም እንደ ኦነሲሞስ መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል ነው። በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው ቁቤ የቋንቋው ጽሕፈት እንዲሆን ተወሰነ። ቁቤ ረጅም አናባቢንና የሚጠብቅ ድምፅን ፊደሉን በመድገም ስለሚያሳይ በምኩሉ ዘመን የነበረው የንባብ እንቅፋት ተቃለለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ አደረገ።

ፖሊሲው የነቀምቴውን ጥያቄ ለብዙ አካባቢዎች ቢመልስም በከተሞች ሌላ መልክ ይዞ ቀርቷል። በነቀምቴ አብዛኛው ተማሪ አንድ የቤት ቋንቋ ነበረው። ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ቤታቸው አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጌኛ ወይም ትግርኛ የሚነገር ልጆች በአንድ ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለ ክፍል አንድ የማስተማሪያ ቋንቋ መምረጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ተማሪዎች የየቤታቸውን ተረትና እንቆቅልሽ ይዘው እንዲመጡ፣ በክፍሉ ቋንቋ እንዲተርኩት፣ እንዲጽፉትና አንዱ የሌላውን እንዲያነብብ ማድረግ ግን የተለየ በጀት የማይጠይቅ አሠራር ነው። በምኩሉ ከየአቅጣጫው ተሰባስበው የተገኙ ልጆች ያደረጉት ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

መታሰቢያ

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከምታከብራቸው ቀዳሚ አባቶች አንዱ ናቸው። በምዕራብ ወለጋ፣ በአይራ የሚገኘው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሴሚናሪ በስማቸው ይጠራል። በአፋን ኦሮሞ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከአስቴር ገኖ ጋር የጽሑፍ ቋንቋው ጀማሪዎች ተብለው ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው ንባብ መማሪያም በቋንቋው የሕዝብ ተረት ጥናት ውስጥ ከቀደምት የታተሙ ስብስቦች አንዱ ሆኖ ያገለግላል።